ለእታለም የተነሳሁላት የጉበት ፎቶ

ቤይሩት በኖርኩባቸው ዓመታት ለሰው ያልሆንኩት ነገር የለም። ለአንዷ ወረፋ ይዣለሁ። ለአንዷ ስልክ ቤት ቆሜ እናቷን «ደህና ናት፣ ወፍራለች» ብያለሁ። ለሌላዋ ደግሞ ማዳሟ ጠርጥራ ስትደውል ድምፄን ጎርነን አድርጌ የአክስቷ ልጅ ሆኛለሁ። ፈቃድ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ማዳም ደስ ካላት ብቻ በሆነበት አገር አንዷ ለአንዷ ካልቆመች ማን ይቆምላታል? የተመቻት ላልተመቻት ትሄዳለች፤ ደንባችን ይህ ነበር። ጉበት ግን ውክልና እንደማይቀበል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ካራንቲና፣ ወደቡ አጠገብ፣ የብረት በር ከሚበየድበት ጋራዥ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከሦስት ሴቶች ጋር እኖር ነበር። ወረቀት የለኝም። ፓስፖርቴ ቨርደን፣ መጀመሪያ በገባሁበት ቤት፣ ማዳሜ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል፤ እኔ ደግሞ አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ወርጄ አልተመለስኩም። ለምን ወጣሽ ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ለሁሉም መልሴ አንድ ነው፦ «ሞሎኪያ ሰለቸኝ።» ሞሎኪያ የሚሉት ሲበስል የሚልመዘመዝ አረንጓዴ ቅጠል ነው። ማዳሜ ማክሰኞ ትሠራዋለች፣ እኔ እስከ አርብ እበላዋለሁ። ይህን ሳወራ ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። «ሰው ከጦርነት ይሸሻል፣ አንቺ ከወጥ ሸሸሽ» ይሉኛል። እኔም ከማንኪያ አልላቀቅ የሚለውን መረቅ እያስመሰልኩ እጨምርላቸዋለሁ። ጨዋታ አዋቂ ነሽ ይሉኝ ነበር፤ ነኝም።

እታለም ከእኛ ጋር አትኖርም፤ እሑድ እሑድ ነበር የምትመጣው። በሥጋ አንዛመድም። በአሥራ አራት ዓመት ስለምትበልጠኝ፣ ልብሴ ሲቀደድም ሳልጠይቃት ስለምትሰፋልኝ እታለም አልኳት፣ በዚያው ቀረ። የወሎ ሰው ናት፣ ሙስሊም፣ ሦስት ልጆቿን ለእናቷ ትታ የመጣች። ፋናር፣ ተራራው ላይ፣ ባሏ ከሞተባት ከአንዲት አሮጊት ማዳም ጋር ትኖራለች። ከሁላችን ሙሉ ወረቀት ያላት እሷ ብቻ ነበረች፤ የመኖሪያ ፈቃድ አላት፣ ማዳሟ ያስገባችላት የጤና ኢንሹራንስም አላት። ያችን የኢንሹራንስ ካርድ ስታሳየን እንደ ሙሽራ ቀለበት ነበር የምንቀባበላት።

ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም። አንድ ጠባይ ብቻ አለባት፤ የታመመውን ሁሉ ዘይት ትቀባለች። ተራራው ላይ ካለ፣ አንድ ቅዱስ ከተቀበረበት ገዳም በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ የተባረከ ዘይት ነው። የራሷን ጉልበት ትቀባለች፣ የእታለምን ግንባር ትቀባለች፤ አንዴ ማጠቢያ ማሽኑ አልሽከረከር ሲል በጥጥ አስነክታው ነበር። ማሽኑ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራት።

አንድ ሰሞን እታለም ከቀኝ ጎድኗ ሥር አመማት። በኋላ እንደታወቀው ሕመሙ የሆድ መነፋት ነበር፤ የተሞላ ኩሳ፣ ማለቴ ዝኩኒ፣ አሥራ አንድ በልታ ነው። ማዳሟ ግን ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው፣ እዚያ ኤኮ የሚሉትን አልትራሳውንድ አነሷት። የተነፋውን ሆድ ትተው ሌላ ነገር አገኙ። ጉበቷ ውስጥ እንቁላል የሚያህል ክብ ነገር ተቀምጧል። ሐኪሙ «ክፉም ሊሆን ይችላል፣ ደግም ሊሆን ይችላል። ኤኮ ይህን አይለይልኝም። በደም ሥር ቀለም ተሰጥቷት በስካነር መታየት አለባት» አለ። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ።

እሑድ መጥታ «ጉበቴ ውስጥ እንቁላል አለ አሉኝ» ስትለን መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። «ጫጩት ከወጣው አንዱን ለእኔ» አልኩ። እሷም እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያ እጇን ሳታወርድ «ልጆቼን ሳላያቸው እንዳልቀር ብቻ» አለች። ትንሹ ልጇ ትታው ስትመጣ ጥርስ አላወጣም ነበር።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ የማዳሟ ወንድም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከብራዚል መጣ። ፋናር ያለው ዘመድ ሁሉ ለምሳ ተጠራ። የሥጋና የስንዴ ኪቤ የሚጠፈጥፍ፣ ሳህን የሚያጥብ ማን አለ? እታለም። ማዳሟ «ስካነሩ ሌላ ቀን ይሁን፣ ያ ሮሂ፣ ነፍሴ፤ ያኒ ጉበትሽ የትም አይሄድም» አለቻት። እታለም ግን ቀጠሮው ካለፈ ሌላ ወር መጠበቅ ሊመጣ ነው ብላ ተርበተበተች። በዋዜማው፣ ዳቦ ልትገዛ በወጣችበት፣ እኔ የማጸዳበት ቤት በር ድረስ መጥታ ካርዷን እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። «አንቺዬ፣ አረብኛው አንቺ ይቀናሻል። ሄደሽ ቀኑን ብቻ አስለውጪልኝ» አለችኝ። የእኛ ደንብ ነው፤ የተመቻት ላልተመቻት።

እኔም ቁርሴን ሳልበላ ገሰገስኩ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ዘበኛ ቆሟል። ዩኒፎርም ሳይ መንገድ እሻገራለሁ፤ የወረቀት አልባ ሰው በሽታ ነው። ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ካርዱን ተቀበለችኝ፣ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። ፎቶው ላይ ያለችው ሻሽ የጠመጠመች የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬም ሹሩባ ነው። ለእነሱ ግን ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው። «ቦንጁር። ምግብ አልቀመስሽም አይደል?» አለችኝ። እውነቴን «አልቀመስኩም» አልኩ። «ብራቮ፣ ያላ ግቢ» አለችና እጄን ይዛ ተነሳች።

እዚያ ላይ ነበር እኔ እሷ አይደለሁም ማለት የነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ዘበኛው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ አይደለሁም ካልኩ «የሰው ካርድ ምን ታደርጊያለሽ፣ ያንቺስ የት አለ?» ይመጣል፤ ከዚያ የሚመጣው አውሮፕላን ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። አፌን ዘጋሁና እታለምን ሆንኩ።

የማሽኑ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ጠየቀኝ። ስንት ልጅ ወልደሻል? «ሦስት» አልኩ። ሆዴን አየና «ማሻላህ» አለ። ዕድሜሽ? «ሠላሳ ስምንት።» አሁን ፊቴን አየና «ምን ትቀቢያለሽ?» አለኝ። ዘይት፣ ልለው ነበር። ከኋላው ክፍት የሆነ ካባ አለበሰኝና የማሽኑ ቀለበት መሐል በሚገባ ጠባብ አልጋ ላይ አጋደመኝ። «ሁለቱንም ክንድ ወደ ላይ» አለኝ። ስዘረጋ ቀኝ ጎኔን ያዝ አደረገኝ፤ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ቀለም የሚሉትን በመርፌ ለቀቁብኝ። ስለዚህ ቀለም አስቀድሞ የነገረኝ የለም። ሙቀት ከጉሮሮዬ ተነሳና ወደ ታች ወረደ፣ ወረደ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሸናሁ መሰለኝ። በሰው ስም፣ በሰው ካርድ፣ በሰው አልጋ ላይ ሸናሁ ብዬ ላቤ መጣ። ለካ የቀለሙ ጠባይ ነው። አፌ ውስጥ የበር ቁልፍ የላስኩ ይመስል ብረት ብረት አለኝ። ድምፅ ማጉያው በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ሲል ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ አሳየኝ፤ ትንፋሽ ያዥ ማለቱ ነው። ያዝኩ። ድምፁ እንደገና አንድ ነገር አለ። እኔ ከፈረንሳይኛ የማውቀው ቦንጁርን፣ መርሲንና ፓርዶንን ነው፤ ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። ስለዚህ ትንፋሼን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ዓይኔ ላይ ኮከብ መውጣት ሲጀምር ሰውየው በሩን በርግዶ በአረብኛ «ተንፍሺ እንጂ፣ አንቺ ሴት!» ብሎ ጮኸብኝ።

ስጨርስ ወደ ጸሐፊዋ ሄድኩና የተላክሁበትን አደረስኩ። «ፓርዶን፣ ቀኑን ለሌላ ሳምንት ብትለውጪልኝ» አልኳት። የጤና ነሽ በሚል ዓይን አየችኝ። «ኸላስ፣ ተነሳሽ እኮ» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ እታለም ገና በሩን ሳትዘጋ «አስለወጥሽልኝ?» አለችኝ። «አልተለወጠም። ተነሳሁልሽ» አልኳት። እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ፤ የሚገባኝም እሱ ነበር። «አመመሽ?» አለችኝ። አላመመኝም አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ወላሂ እንዲህ ነው ያለችው፣ «እና ምን ተገኘብኝ?»

የተገኘው ምንም ነው። ሐኪሙ ፋናር ደውሎ ለማዳሟ ጉበቷ ንጹሕ ነው፣ የታየው ነገር ጠፍቷል አላት። ለካ ማዳሟ ከኤኮው ቀን ጀምሮ ሳትታክት የእታለምን ሆድ በዚያ ዘይት ስታሽ ከርማለች። ስልኩን ሳትዘጋ እልልታዋን አቀለጠችው። ተአምር ሆነ።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። የፋናር አሮጊቶች በተራ መምጣት ጀመሩ። እታለም አቧራ ከማራገፍ በቀር ተቀምጣበት የማታውቀው የሳሎኑ ሶፋ ላይ ተቀመጠች፤ አሮጊቶቹ ቀኝ ጎኗን በመዳፋቸው እየነኩ ይሳለማሉ። አንዷ እንቅርት ያለባትን አማቷን ይዛ መጣች። እንግዳው ሲበዛ እታለም ከሶፋው ተነስታ ጭማቂ ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ትሰበስባለች፣ ተመልሳ ተአምር ትሆናለች። «አስተግፊሩላህ» ትለኝ ነበር እየሳቀች፤ «ስሰግድ እንኳ ሱጁድ ላይ የሚሸተኝ የገዳም ዘይት ሆነ።»

እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እሷ እንዲያ እየተሳለመች እንቁላሉ እንዳለ ተቀምጧል፤ ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ክፉ ይሁን ደግ ማንም አላየውም። ሐኪሙም እንዳይፈልገው እኔ በገዛ ጉበቴ ሸፈንኩበት። እህል ሳላላምጥ መዋጥ ጀመርኩ። «እንናገር» አልኳት። «ብንናገር አንቺን ይጭኑሻል» አለችኝ። «ባንናገርስ አንቺ ትሞቻለሽ!» «ሆድ ይፍጀው» አለች። አበድኩ። «ሆድሽ አይደል እንዴ የታመመው፣ የቱ ሆድ ነው የሚፈጀው? ለእኔ ብለሽ ልትሞቺ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ቀሚሴን እየሰፋችልኝ ነበር፤ መርፌዋን እንኳ አላቆመችም። ለእኔ እንዲያ የሆነ ሰው ከእናቴ ሌላ አላውቅም፤ አፈርኩ፣ ፈራሁም።

ያዳነን የገዳሙ መዝገብ ነው። ማዳሟ ተአምሩን ልታስመዘግብ ስትሄድ አባ መነኩሴው የሐኪም ፊርማ አምጪ አሏት። ሐኪሙ ደግሞ «እኔ ተአምር ላይ የምፈርመው ደግሜ ካየሁ ነው፤ እንደገና ስካነር ትነሳ» አለ። እታለም ይህን ስትነግረኝ እጇን ይዤ ዘለልኩ። «በዚህኛው ቀን ንጉሥ ቢመጣ፣ ብራዚል ያለው ሁሉ ቢመጣ፣ የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አልኳት። ሄደች፤ ተነሳች። ውጤቱ የሚነገር ቀን እንድተረጉምላት ለመነችኝ፤ ማዳሟንም «የአገሬ ልጅ ናት፣ አረብኛ ታውቃለች» ብላ አስፈቀደች። ሻሽ እስከ ቅንድቤ ጠምጥሜ፣ ጸሐፊዋን በጎን አልፌ ገባሁ።

ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልግ ሰው ነው። ማዳሟን በፈረንሳይኛ አክብሮ ውጭ እንድትጠብቅ ጠየቃት። ፈረንሳይኛው ደስ ስላላት መቁጠሪያዋንና የዘይት ጠርሙሷን ይዛ ወጣች። በሩ ሲዘጋ የሚያበራው ሰሌዳ ላይ ፊልሞቹን ሰቀለ። መጀመሪያ ወደ መጨረሻው ፊልም ዞረ። እንቁላሉ እዚያው ቦታው ላይ ነበር። እታለም እጄን ጨመቀችው።

«ይኸውላችሁ» አለ በእስክሪብቶው እያሳየ፤ «ቀለሙ ሲገባ ከሌላው ጉበት ቀድሞ ይበራል፣ ቶሎም ይደበዝዛል። መሐሉ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለው፤ ከእሱ የብስክሌት ጎማ ሽቦ የሚመስል መስመር ወደ ዳር ይሄዳል። ይህ መልኩ ነው ስሙን የሚነግረኝ። ብዙ ሰው ላይ የማይገኝ ነው፣ ግን ደግ ነው። የተሠራው ከራሷ ከጉበቷ ነው፤ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። አይቆረጥም፣ አይነካም። ከስድስት ወር በኋላ አየዋለሁ፣ በቃ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። «አልሞትም በይው?» አለችኝ። ነገርኩት። «ትሞታለች፣ ግን በሌላ ነገር፤ በዝኩኒም ሊሆን ይችላል» አለ። እታለም አፏን በእጇ ሸፈነች፤ እየሳቀች ነው ስል እንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ። የልጆቿን ስም በተራ ጠራች፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደብቀኛል።

እፎይ ብዬ ልነሳ ስል ሐኪሙ ወደ መሐለኛው ፊልም ዞረ፣ ወደ እኔው ጉበት። «በቅዱሱ ሥራ አልገባም» አለ። «እንቁላሉን ወስዶ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ መልሶት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ያየሁት ጉበቱን ብቻ ነበር። ትናንት ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርግ ግን አጥንቱንም አየሁ።» እስክሪብቶው ከጉበቱ ወደ ዳር ሄደና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቦታ ነካ። «እነዚህ ጎድኖች ተሰብረው ነበር። ማንም ሳያያቸው፣ ራሳቸው ጎብጠው የገጠሙ ናቸው። የዚህችኛዋ ጎድን ግን» አለ ወደ እታለም ፊልም እያሳየ፣ «አንድም ስብራት የለበትም። ይህ የቅዱስ ሥራ አይደለም። የሰው ሥራ ነው።»

ካርዱን አላየም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ቨርደን፣ የኩሽናው ወለል፣ የማዳሜ ባል ጫማ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለራሴም ቢሆን አልተናገርኩትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በቀለምና በመርፌ ይጠራል ያለኝ ግን የለም። «የዚህን ፊልም ባለቤት ብታገኚያት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ጉበትሽ እንደ ሕፃን ጉበት ነው በያት። አጥንቱም ድኗል፤ በብርድ ያዝ ቢያደርጋት ከዚያ ነው። ያኔ መጥታ ቢሆን ኖሮ አያት ነበር።» ፊልሙን አወረደና በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። «ለማዳም ፊልም ተቀያይሮ ነው እላታለሁ» አለ።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ መተርጎም አቃተኝ። እታለምም ተርጉሚልኝ አላለችም። አረብኛዋ የኩሽና አረብኛ ነው፤ ጎድን የሚለውን ቃል ደግሞ ከሥጋ ቤት ታውቀዋለች።

ማዳሟ የፊልሙን መቀያየር ስትሰማ ለሁለት ደቂቃ ያህል ፊቷ ጠቆረ። ከዚያ ደግ መሆኑ ሲነገራት «ገባኝ» አለች፤ «ክፉውን ወደ ደግ ለውጦት ነው። ይህማ ይበልጣል።» ሻማ ላብራ ብላ መንገዱን ተሻግራ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደች። እኔና እታለም ሐኪም ቤቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ፖስታውን ጭኔ ላይ አድርጌ መኪና እቆጥራለሁ። ዘበኛው ከጀርባችን ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝ አላለኝም።

እታለም እጇን ዘረጋችና ቀኝ ጎኔ ላይ አደረገችው። የፋናር አሮጊቶች እሷን እንደሚነኳት፣ ቀስ አድርጋ፣ በመዳፏ። ሦስቱንም ቦታ ሳትፈልግ አገኘቻቸው።

«ሞሎኪያ አይደለማ» አለችኝ።

«ሞሎኪያውም ነበረበት» አልኳት።